የከበደ ታንኳ

ውሃ ላይ «ሰመጠ» አይባልም። የኛ አገር ሰው ታንኳ ላይ እስካለ ድረስ ይህን ቃል ከአፉ አያወጣም፤ «ከበደ» ነው የሚል። «የእገሌ ታንኳ ከበደበት» ከተባለ ሁሉም ገብቶታል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቷል፣ ሰውየው ቁጭ እንዳለ እስከ ወገቡ እየራሰ ነው፣ ፈጥነህ ድረስለት ማለት ነው።

እኔ በጉልማሳነቴ የከበደ ታንኳ ጎታች ነበርሁ። ሥራዬስ እርሻ ነው። ጤፍ እዘራለሁ፣ ውሃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ እዘራለሁ። ቤቴ ግን ርብ ወንዝ ጣና ከሚገባበት አፍ አጠገብ፣ በወዲህኛው በወረታ ወገን፣ ከአንዲት ጉብታ ላይ ነበረች። ከደጄ ስቆም ወንዙም ሐይቁም ይታየኛል። ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከብቱ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው ወረታ ለመድረስ ወንዙን የሚሻገረው በታንኳ ነው። ተሻጋሪ ሲበዛ የሚከብድበትም ይበዛል። ጩኸት ሲሰማ ቅርብ ያለሁ እኔ ነኝ። ማንም ሾሞኝ አይደለም፤ በዚሁ ለመድሁ።

ታንኳን ለማያውቅ ትንሽ ልንገር። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ ታስሮ ነው የሚሠራ። ውስጡ እንደ ጥጥ የላላ ስለሆነ ሲደርቅ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ላይ ሲውል ደግሞ ቀስ እያለ ይጠጣል። ስለዚህ ከውሃ እንደወጣህ ከዛፍ አስደግፈህ ታቆመዋለህ፣ ይንጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ይሞቃል። እንደ በሬ ነው፤ ነድተኸው ታሳርፈዋለህ። ካላሳረፍኸው ያሳርፍሃል።

የጎተትኋቸው ብዙ ናቸው፤ የሚያስቅም አለበት። አንድ ጊዜ አንድ ቄስ ከበደባቸው። ስንደርስ ውሃው ከእምብርታቸው ደርሷል፤ እሳቸው ግን ዳዊታቸው እንዳይርስ በግራ እጃቸው ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ይዘው፣ በቀኛቸው ጃንጥላ ዘርግተውበታል።

«አባ፣ ጃንጥላውን ይጣሉትና ገመዱን ይያዙ!» አልኋቸው።

«ዳዊቴስ?»

«ዳዊቱን በጥርስዎ ይያዙት።»

«የእግዜርን ቃል በጥርስ!»

«ታዲያ አባ፣ ሲደግሙትስ በአፍዎ አይደል?» ቢሏቸው አማቴ፣ ቄሱ ከዚያ ሁሉ ውሃ መሐል ሳቁ። ጃንጥላው ሄደ፤ ዳዊቱም እሳቸውም ወጡ።

አማቴ የምላቸው የሚስቴን አባት ነው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። እኔ ከፊት ተንበርክኬ እቀዝፋለሁ፤ እሳቸው ከኋላ ሆነው ይመሩታል። መጎተትን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ገመድ ከታንኳው አፍንጫ አይታሰርም፣ አፍንጫው ይነቀላል፤ ወገቡን ዙሪያውን ነው የሚጠፈር። ተጎታቹ መነሳት የለበትም። ጎታቹ ደግሞ ማጭድ ከጉልበቱ ሥር ሳያስቀምጥ አይወጣም። ማጭዱ ገመድ ለመቁረጥ ነው። ማዕበል ከኋላ ያለውን ታንኳ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ካጠበው ይቆረጣል። «ሦስት ጊዜ የታጠበ ለመገነዝ ነው» ይሉ ነበር። «ሁለት ቤት ከሚለቀስ አንድ ቤት ይለቀስ።» እሳቸው በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ቆርጠዋል ይባላል። ማንን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ይህ አሁን የምጽፈው ነገር የሆነው ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ ሰሞን ነው። ጳጉሜን ልትገባ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ፀሐይ አላየንም። የአገሩ ታንኳ ሁሉ ከየዛፉ ተደግፎ ቆሟል፣ ግን አይደርቅም፤ ከላይም ከታችም ውሃ ነው። የኔ ታንኳ ብቻ አዲስ ነበር፤ ከታሰረ ሳምንቱ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም የሴት ጩኸት ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ከወንዙ አፍ ላይ አንድ ታንኳ ደራሹ ጎርፍ ገፍቶ ወደ ሐይቁ እያወጣው ነው። ከውሃው በላይ የሚታየው እንስራ ብቻ ነው። እንስራ በሁለት ረድፍ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት።

«ማናት?» አሉ አማቴ ከኋላዬ መጥተው።

«የማዶዋ ሸክላ ሠሪ ናት። ከብዶባታል።»

ወደ ቤቱ በር ዞር ብለው አዩ። ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል። ያን ጊዜ የሸክላ ሠሪ ነገር እንዲያ ነበር፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። እንስራዋን ገዝተን ውሃ እንጠጣበታለን፣ ከሷ ጋር ግን አንድ ማዕድ አንቆርስም። ቤት ውስጥ ደግሞ አራስ አለች፤ ልጁ ክርስትና እንኳ አልተነሳም። አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለልጅ ልጃቸው ፈሩ።

«ሌላ የሚደርስላት የለም?» አሉ።

«ማን አለ አባቴ? ደረቅ ታንኳ ያለኝ እኔ ነኝ።»

«ይች አራስ እኮ...»

ሚስቴ ከውስጥ ሰምታለች። «አባባ!» አለች። «ይህን ጩኸት እየሰማሁ ነው ጡት የማጠባ? ሂዱ እንጂ!»

አማቴ አማተቡ። ከዚያ መቅዘፊያቸውን አነሱ፣ ማጭዱን አነሱ። እኔ ገመድ ለማንሳት ብዞር ገመድ የለም። የቃጫ ገመዴን ትናንት ጎረቤት ሣር ላስርበት ብሎ ወስዶታል። ከግድግዳው ላይ ያለው መጫኛ ብቻ ነው። ከሞተ በሬዬ ቆዳ ተልትዬ የጠለፍሁት፣ ቅቤ ያጠጣሁት፣ አህያም በቅሎም ጭኜበት ተበጥሶ የማያውቅ መጫኛ ነበር። ከገመድም ይሻላል ብዬ አንጠልጥየው ሮጥሁ።

ስንደርስባት ታንኳዋ ከውሃው እኩል ሆኗል። ባልዋ ከመሐል፣ ከፍ ብሎ ከተነጠፈው ደንገል ላይ ቁርበት ለብሶ ተኝቷል። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። በመቀነቷ ወገቡን ከታንኳው ጋር አስራዋለች፣ ሲወራጭ እንዳይወድቅባት። እሷ ከኋላ ተንበርክካ፣ ውሃው ከታፋዋ ላይ ሆኖ፣ ብቻዋን ትቀዝፋለች።

«ምነው እቴ፣ ባልደረቀ ታንኳ?» አልኋት።

«ፀሐይ እንቢ ካለች ምን ላድርግ?» አለች። «እንዲህ ከሆነ አምስት ቀኑ። ንዳዱ ሲነሳበት እኔንም አያውቀኝ። ወረታ መርፌ አለ አሉኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ እንስራ መጫን ምን የሚሉት ነው? ቅዠቱ አንቺንም ያዘሽ?» አሉ አማቴ።

«መርፌው በምን ይወጋል አባቴ? ሐኪሙ ወንድሜ አይደል።»

እኔ ቶሎ ብዬ መጫኛውን በታንኳዋ ወገብ አዞርሁ፣ ቋጠርሁ፣ ሌላውን ጫፍ ከኛ አሰርሁ። «በሉ!» አልሁ፤ ቀዘፍን።

መጀመሪያ የሚሄድ መሰለኝ። ሠላሳ ጊዜ ያህል እንደቀዘፍን ዞር ብል ግን እሷ ካለችበት አልነቃነቀችም፤ የረዘመው መጫኛው ነው። እኛ ስንስብ እሱ ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ ቋጠሮው እንደ ዓሣ ተሙለጨለጨና ተፈታ። ታንኳዋ ከደራሹ ጋር ወደ ሐይቁ ሄደ። ተከትለን ደረስንባት። እንደገና አጥብቄ ቋጠርሁ፣ በጥርሴ ጭምር ሳብሁት። ሃያ ጊዜ እንኳ ሳንቀዝፍ ተፈታ።

«አህያ ልትጭን ነው የመጣኸው?» አሉ አማቴ። እንዲያ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። «ቆዳ ውሃ ሲጠጣ አንጀት እንደሚሆን አታውቅም? አንተ አይደለህ እንዴ ጠፍር አርሰህ የምትወጥር? በየዓመቱ!»

እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ልኬን ቆዳ አርሼ ስስብ የኖርሁ ገበሬ፣ ደረቅ ላይ ባየሁት ጥንካሬ ታምኜ ውሃ ላይ ይዠው ወጣሁ። አሁንም ድረስ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። በኔ መጫኛ የተነሳ ያን ያህል ወደ ውስጥ ባንርቅ ኖሮ ኋላ የመጣው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ነፋሱ ያን ቀን ሰዓቱን አልጠበቀም። የጣና ነፋስ ከቀትር በኋላ ነው የሚነሳ፤ ያን ቀን ግን ከበስተሐይቁ ጠቁሮ መጣ። ነፋሱ ወደ ምድር ይገፋል፣ የርብ ደራሽ ወደ ሐይቁ ይገፋል። ሁለቱ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ውሃው እንደ ሽሮ ይፈላል። እኛ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማዶ ነን። ለመመለስ በመሐሉ ማለፍ አለብን።

ሴትየዋ አየችው። ዞር ብላ እንስራዎቹን አየች።

«ገመድ እኔ ዘንድ አለ» አለች።

እንስራዎቹን ጠፍራ ያሰረችበት የቃጫ ገመድ ነበር። ወፍራም፣ ረጅም። ቃጫ ሲርስ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ግን እሱ ከተፈታ እንስራው የሚይዘው የለም።

«ይሄድብሽ የለም ወይ?» አልኋት፤ ሞኝ ጥያቄ።

«አንተ መጫኛህን ያዝ» አለችኝ። መፍታት ጀምራ ነበር። የመጀመሪያው እንስራ ተንከባለለና ውሃ ላይ ቆመ። አፉን ወደ ላይ አድርጎ እንደ ዳክዬ ትንሽ ተንሳፈፈ። ከዚያ ማዕበል ገባለት፣ «ቡልቅ» አለ፣ ወረደ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የክረምቱን ሥራ ሁሉ ነበር የጫነችው። አንዱንም አላየችውም፤ ዓይኗ ከገመዱ ላይ ነበር። ጫፉን ወረወረችልኝ።

ወገቡን ጠፈርሁት፤ ቀዘፍን። አሁን ገመዱ ተወጥሮ ጮኸ። እንስራው ስለወረደላት ታንኳዋም ጥቂት ቀና ብላለች። ወደሚፈላው ውሃ ገባን።

ከዚያ ወዲያ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። እኔ ከፊት ነኝ፤ የደራሹ ውሃ ፊቴን ይመታኛል። አማቴ ከኋላ ሆነው አንድ ዓይናቸው በኔ፣ አንድ ዓይናቸው በገመዱ ነው። ደራሹ ፊት ለፊት ይገፋናል፣ ማዕበሉ ከኋላ ያነሳናል። የሷ ታንኳ ከበስተኋላችን ወደ ቀኝ ሲሸሽ የኛንም ጭራ ይዞት ይሄዳል። ክንዴ ከትከሻዬ ሊነቀል ደረሰ።

«አንድ!» አሉ አማቴ።

ታጠበች ማለት ነው። ዞር አልሁ። ማዕበሉ ከላይ እስከ ታች አልፎባት ባልዋም እሷም ጠፍተው ነበር፤ ከዚያ ብቅ አሉ። በሽተኛው ውሃ ተፋ። እሷ ራሱን በክንዷ ደግፋ ይዛዋለች።

«ቅዘፍ!» አሉኝ። ቀዘፍሁ።

ደንገሉ ከበቀለበት፣ ውሃው ከሚረጋበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ለመድረስ አንድ የእርሻ ማሳ ያህል ይቀረን ነበር። ዓይኔን ከደንገሉ አላነሳሁም።

«ሁለት!»

ያን ጊዜ የማጭዱ ድምፅ ተሰማኝ፤ ከጉልበታቸው ሥር ሲያነሱት ከታንኳው ጠርዝ ጋር ተነካካ። ዞር ብል ሴትየዋም አይታዋለች። ሸክላ ሠሪ ብትሆንም የውሃ ዳር ሰው ናት፤ የማጭዱን ነገር ታውቃለች።

«አባቴ!» አለች። «አባቴ፣ አይቁረጡት! እኔ ልውረድ፣ እኔ ወርጃለሁ!»

ተነስታ ውሃ ገባች። ዋና አታውቅም። የታንኳውን ጭራ በሁለት እጇ ይዛ አንገቷ ብቻ ከውሃ ላይ ቀረ። ታንኳው የሷ ክብደት ሲቀርለት አንድ ስንዝር ከፍ አለ። ባልዋ እንደታሰረ ብቻውን ተኝቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

ሌላው ማዕበል መጣ። ትልቅ ነበር። ሲመጣ አይቼዋለሁ፣ በሰውየው ላይ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ የሷን ጭንቅላት ሲውጠው አይቼዋለሁ። የኛም ታንኳ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ገመዱ ጭራችንን ወደ ውሃው ጎተተው። አማቴ ማጭዱን ከገመዱ ላይ አሳረፉት።

ቆረጡት ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ሁለት» አሉ።

ዓይኔን ገለጥሁ። ጭንቅላቷ ወጥቷል፤ እጇ ከጭራው አልተላቀቀም። አማቴ እኔን አያዩም። ፂማቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«አባቴ...»

«ሁለት ነው አልሁህ! መቁጠር ታስተምረኛለህ? ቅዘፍ!»

ማጭዱን ወረወሩት፤ ውሃው ውስጥ ሄደ። መቅዘፊያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ ወንድ ልጅ እንዲያ ሲቀዝፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው እንግዲህ። እያንዳንዱን ምት ሲመቱ ይሳደባሉ፤ ወንዙን፣ ነፋሱን፣ እኔን፣ የበሬዬን ቆዳ። ከዚያ ደንገሉ ጎናችንን ጠረገው። ማዕበሉ ከኋላችን ቀረ። መቅዘፊያዬ ጭቃ ነካ።

ዘልዬ ወረድሁ። ውሃው ከደረቴ ነው። ገመዱን በትከሻዬ አድርጌ ጎተትሁ። ምድር ስንደርስ ሴትየዋ ጭራውን አልለቀቀችም። «ደርሰናል እቴ፣ ልቀቂ» ብላት ትሰማኛለች፣ ጣቷ ግን አይሰማትም። አንድ ባንድ ጣቶቿን ከደንገሉ ፈለቀቅሁላት።

ባልዋ ሕይወቱ አለች። ትንፋሹ ግን እንደ ደከመች ጥጃ ነው።

አማቴ ወደ ቤት ወጡ። ደረቅ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቃሬዛ ተሸክመው መጡ፤ ሁለት ጎረቤቶችም ከኋላቸው አስከትለዋል። ሰዎቹ ደርሰው በሽተኛውን አዩ፣ ሴትየዋን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማነው?» አለ አንደኛው፣ እያወቀ።

«ሰው ነው» አሉ አማቴ። «ያዝ።»

አንደኛው ያዘ። ሌላው ጥጃው ትዝ አለው፣ «ጥጃዬ ተፈቶ» እያለ ሄደ። ሦስት ወንድ ቀረን፤ ቃሬዛ ደግሞ አራት ይፈልጋል። ሴትየዋ ነጠላዋን ጨምቃ ወገቧን ታጠቀችና አራተኛውን እጀታ አነሳች።

«ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይቼ አላውቅም» አሉ አማቴ።

«ዛሬ አዩ» አለች።

በወንዙ ዳር ዳር ባለው ከፍታ ወረታ ድረስ በእግር ይኬዳል፤ ጭቃው ግን እስከ ጉልበት ነበር። በሽተኛው መንገዱን ሙሉ ያቃስታል።

«ኧረ ዝም በል አንተ ሰው፣ ልባችንን አወለቅኸው» አሉ አማቴ።

ትንሽ ሄደን ዝም አለ። አማቴ ቆሙ። «ምነው? ምነው ዝም አለ? አንተ! አቃስት እንጂ!»

አቃሰተ። ሄድን።

ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። መርፌ የሚወጋው ሰው ሊዘጋ ቁልፍ በእጁ ይዞ ነበር። በሽተኛውን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ በሩን መልሶ ከፈተው። ወጋው፣ ኪኒን በውሃ አዋጠው። «ነገ ብታመጡት ኖሮ ለመቅበር ነበር» አለን። ለማወቅ ለሚፈልግ፣ ሰውየው ዳነ። ከወር በኋላ እንጨት ሲለቅም አየሁት። ብዙ አመሰገነኝ፤ ያን ቀን ግን ምንም እንደማያስታውስ ነገረኝ።

ያን ማታ በሽተኛው እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ሴትየዋ ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበረች። ከተቀመጠች በኋላ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረች። ልብሷ ከላይዋ ላይ እንደረሰ ነበር። አማቴ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አጠፉት፣ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ሁለት እርምጃ ወደሷ ሄዱና ቆሙ።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ስጣት» አሉኝ።

ወስጄ አለበስኋት።